ሦስት ዓመት ለችግኝ፣ ሦስት ዓመት ለሠራተኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ማልዶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው፣ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው፣ መጥረጊያ፣ አካፋና ባልዲ ይዘው በቡድን የሚሄዱ ሴቶች። ሰፈሩ ስም አውጥቶላቸዋል። «ሴፍቲኔቶች» ይላቸዋል።

ሲያዩዋቸው ጠራጊዎች ይመስላሉ። ይጠርጋሉም። ግን የተደፈነ ቦይም ይከፍታሉ። የመንገድ አካፋይ ላይ ያለውን አፈር ይኮተኩታሉ። ችግኝ ይተክላሉ፣ ውሃ እያመላለሱ ያጠጣሉ። ሐምሌ ላይ በካሜራ ፊት የተተከለ ችግኝ ጥር ላይ በሕይወት ከተገኘ፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የእንዲህ ያሉ ሴቶች እጅ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ የተካሄደው የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለደሃ ቤተሰቦች ሥራና ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ከድህነት አንጻር ነው። እኔ ከዛፍ አንጻር ላየው ፈልጌያለሁ። ከተማዋ ስለ አረንጓዴነት ብዙ እያወራች፣ ዛፍ የሚንከባከብ ሠራተኛ ከየት ታመጣለች? መልሱ በእጇ ገብቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ «አስመርቃ» ሸኘችው።

ዕጣው

በገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከተማ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። በ2008 ዓ.ም የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር ጨመረበት። አሥራ አንድ ከተሞች ተመረጡ። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ጅግጅጋና ሌሎችም አሉበት። በአምስት ዓመት 604 ሺህ ሰው ሊደረስ ታቀደ። ትልቁን ድርሻ የያዘችው አዲስ አበባ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በየወረዳው የደሃ ደሃ የሆኑ ቤተሰቦች ይለያሉ። መሥራት የማይችሉት፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ጽኑ ሕሙማን፣ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። መሥራት የሚችሉት ደግሞ በአካባቢ ልማት ሥራ ይመደባሉ። እነዚህኞቹ 84 በመቶ ገደማ ናቸው። ከአንድ ቤት እስከ አራት ሰው፣ እያንዳንዱ በዓመት 60 ቀን። ክፍያው በመጀመሪያ በቀን 60 ብር ነበር፣ በኋላ ከፍ ብሏል። ከሚከፈለው 20 በመቶው በግድ ይቆጠባል። ቆይታው ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ የቤተሰቡ አንድ አባል 500 ዶላር ገደማ የሚሆን መነሻ ገንዘብ ይሰጠውና ቤተሰቡ «ይመረቃል»።

ይህን ቃል ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

ሥራው ምን ምን ነበር? ደረቅ ቆሻሻ፣ የተፋሰስ ሥራ፣ አረንጓዴና ውበት፣ ትንንሽ የሰፈር ግንባታ፣ የከተማ ግብርና። ቆሻሻው ሚዛን መድፋቱ አያስገርምም። ሥራው በተጀመረበት በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ቆሻሻ የሰው ሕይወት በሚቀጥፍበት ከተማ ዛፍ ሁለተኛ ቢሆን ማን ይፈርዳል?

አሁን ወደ ዕጣው። አዲስ አበባ ሁሉንም ወረዳ በአንድ ጊዜ ማዳረስ አልቻለችም። በደረጃ እንግባ ተባለ። በመጀመሪያው ዙር የሚገቡት 35 ወረዳዎች በዕጣ ተለዩ። ዕጣ ለአስተዳደር ሰላም ነው። «ለምን እኛ ቀረን» ለሚል ሰው መልስ አለው። ለተመራማሪ ደግሞ ወርቅ ነው፤ ዕጣ የወጣለትንና ያልወጣለትን ወረዳ እያስተያየ ፕሮግራሙ ምን እንዳመጣ መለካት ይችላል።

ተለካም። ውጤቱ በ2016 ዓ.ም በታዋቂ የአሜሪካ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ታትሟል። ሦስት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ ሴፍቲኔት የገቡት ሰዎች በግሉ ዘርፍ የሚሠሩትን ሥራ ቀነሱ። ልብስ ማጠቡ፣ የቀን ሥራው፣ ተላላኪነቱ ቀነሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የሰፈሩ ንጽሕናና ገጽታ ተሻሻለ። ነዋሪው ራሱ መሰከረ። ሦስተኛው ከሁሉም ይገርማል። ርካሽ ጉልበት ገበያው ላይ ሲያንስ የቀሪው ሰው ዋጋ ወጣ። ፕሮግራሙ በከተማዋ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የግሉ ዘርፍ ደሞዝ በ18.6 በመቶ ከፍ እንደሚል አሰሉት። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባው ደሃ ጭምር ተጠቀመ። ይህ የደሞዝና የሰፈር መሻሻል ሲደመር፣ ለደሃው የተገኘው ጥቅም በቀጥታ ከተከፈለው ብቻ ሲታሰብ ከሚገኘው ስድስት እጥፍ ይሆናል።

እኔን የሚይዘኝ ሁለተኛው ግኝት ነው። ሰዎቹ ሥራ የሠሩት ለስሙ አልነበረም። «ገንዘብ ለመስጠት ሰበብ ነው እንጂ ምን ይሠራሉ» የሚል ሐሜት ሁሌም አለ። ሰፈሩ ግን ለውጡን አይቷል።

60 ቀንና 68 ቀን

ዛፍ መትከል ሥራ አይደለም ብል የሚቆጣኝ አይጠፋም። ግን እውነቴን ነው። መትከል የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 አገሩ በሙሉ ወጥቶ በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። ዕቅዱ 200 ሚሊዮን ነበር። ሚኒስትሩም፣ ተማሪውም፣ የባንክ ሠራተኛውም ተክሏል። እኔም ተክያለሁ። የተከልኩት ዛፍ ዛሬ የት እንደደረሰ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ብዙዎቻችሁም አታውቁትም።

ሥራው የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው፣ የሚቀጥለውም ከዚያ በኋላ።

ከዚያ በፊት የችግኝ ጣቢያ አለ። አፈር፣ አሸዋና ኮምፖስት በልክ ይደባለቃል። ላስቲክ ይሞላል፣ ዘር ይዘራል። ዳስ ይሠራለታል። ችግኙ ሊወጣ ሲል ውሃ ይቀነስበታል፣ ጥላው ይነሳለታል፣ ፀሐይ እንዲለምድ። ይህን ያልለመደ ችግኝ ሜዳ ላይ ሲወጣ ክው ብሎ ይቀራል። ደግሞ ላስቲኩ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ እየተጠማዘዘ ክብ ይሠራል። እንዲሁ ከተተከለ ለጊዜው ያምራል፤ ከዓመታት በኋላ ነፋስ ይጥለዋል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ይህን በዓይኗ ታየዋለች። የዘመቻ ተካይ አያየውም። እንዲያውም ከነላስቲኩ የሚተክል አለ! አንገቱ ድረስ የሚቀብርም አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ረጅሙ። አዲስ አበባ ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው። ለጋ ችግኝ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ 34 ሳምንት ሲባዛ በሁለት፣ 68 ቀን ይመጣል። በልግ ጥሩ ከዘነበ ጥቂት ቀን ይቀነስለታል።

68 ቀን። ሴፍቲኔት ለአንድ ሠራተኛ በዓመት የሰጠው 60 ቀን ነው።

ይህን ስሌት መጀመሪያ ስሠራው ቆሜ ነው የቀረሁት። የአንዲት ሴት ዓመታዊ የሥራ ቀን ከአንድ በጋ የማጠጫ ቀን ጋር ሊገጥም ጥቂት ነው የቀረው። አንድ ረድፍ ዛፍ ሰጥተዋት «እነዚህ የአንቺ ናቸው» ቢሏት ቀኑ ይበቃት ነበር ማለት ይቻላል። ማንም አቅዶ ያደረገው አይመስለኝም። ቁጥሩ የመጣው ከበጀት ነው።

ሌላም አለ። አንድ ችግኝ የመንገድ ዳር ላይ ራሱን ችሎ እንዲቆም ሁለት ሦስት ዓመት እንክብካቤ ይፈልጋል። ድጋፍ እንጨት ይታሰርለታል፣ ማሰሪያው ግንዱን ከመቁረጡ በፊት ይላላል። ዙሪያው ይኮተኮታል፣ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል። ፍየልና በሬ እንዳይበላው ይታጠራል። የታችኛው ቅርንጫፍ በጊዜው ይገረዛል፣ አለበለዚያ የእግረኛ ዓይን ይወጋል፣ ወይ ታክሲ ይሰብረዋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ረጅም ዛፍ አይተከልም። ይህን የማያውቅ ሰው ግራቪሊያ ይተክላል። ከስምንት ዓመት በኋላ መብራት ኃይል መጥቶ አናቱን ይቆርጠዋል። ከዚያ ዛፉ የተሰበረ ጃንጥላ መስሎ ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ዛፍ ያላየ እጁን ያውጣ።

ሦስት ዓመት ለዛፍ። ሦስት ዓመት ደግሞ ለሴፍቲኔት ተጠቃሚ። ሁለቱ ሰዓቶች ገጥመው ነበር።

ምረቃ

እስቲ አንዲት ሠራተኛ እናስብ። ስም አንስጣት፣ እንደሷ ያሉ ብዙ ናቸው። 35 ዓመቷ ነው። ሁለት ልጅ አላት። ከዚህ በፊት ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ገባች። መጀመሪያ መጥረጊያ ተሰጣት። ከዚያ ወደ አረንጓዴው ቡድን ዞረች።

በመጀመሪያው ዓመት 60 ቀን በ60 ብር፣ 3,600 ብር ነው። ከዚህ 720 ብሩ ይቆጠብላታል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ግን ሙሉ ቀን አይወስድባትም፣ ሥራው ሰፈሯ ውስጥ ነው፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ለመቀበል ትደርሳለች። ይህን ቀላል አድርገን እንዳናየው። ሰዎች የግል ሥራቸውን ቀንሰው ወደዚህ የመጡት ለምን ይመስላችኋል? ትራንስፖርት የለም፣ የሚያመናጭቅ አሠሪ የለም።

ሦስት ዓመት ሆነ። አሁን የትኛው ችግኝ ውሃ እንደተጠማ ቅጠሉን አይታ ታውቃለች። ጥድና ወይራ ዕድገታቸው ዝግ እንደሆነ፣ ግራቪሊያ ቶሎ እንደሚመዘዝ ታውቃለች። የትኛው ጥግ ላይ ሰው ቆሻሻ እንደሚደፋ፣ የትኛው ባለ ሱቅ ውሃ እንደሚሰጥ ታውቃለች። ይህ የመጨረሻው ዕውቀት በየትኛውም ኮሌጅ አይሰጥም።

በዚህ ጊዜ ትመረቃለች።

ስልጠና አለ። ስለ ቁጠባና ስለ ንግድ ዕቅድ ነው። ከዚያ መነሻ ገንዘቡን ትወስዳለች። ዕቅድ አቅርቢ ትባላለች። ምን ታቅዳለች? እንጀራ፣ ጉሊት፣ ቡና ማፍላት። ጎረቤቷ ስትሠራ ያየችውን። ዛፍ ሥራ መሆኑን የነገራት ሰው የለም። የያዘችው የቁጠባ ደብተር ነው። የሙያ ምስክር ወረቀት ከፕሮግራሙ ጋር አልመጣም።

እሷ ስትወጣ ሌላ ትገባለች። አዲሷ መጥረጊያ ይሰጣታል። ከዜሮ ትጀምራለች። ችግኞቹም አዲስ ናቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልበል። የሴፍቲኔት ዓላማ ዛፍ አልነበረም። ዓላማው የሚበላው ያጣ ሰው እንዲበላ ነው። «ሙያ አስይዙ» እያልን ከጨቀጨቅን፣ ጎበዟንና ወጣቷን መርጠው ደካማዋን ሊጥሉ ይችላሉ። ይህ ስጋት የምር ነው። ለብዙዎቹ እናቶች የሚሻለውም በዓመት 60 ቀን ሰፈር ውስጥ መሥራቱ ነው፤ ሙሉ ቀን ሥራ ከቤት ያወጣቸዋል። ስለዚህ ሁሉም አትክልተኛ ይሁኑ እያልኩ አይደለም። ከአሥር አንዷ ብትሆን ግን የከተማዋ መልክ ሌላ ነበር።

እንጦጦ ላይ የሆነው

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ የመጀመሪያዋ አይደለም።

ከተማዋ ገና ከመቆርቆሯ የማገዶ እንጨት አለቀባት። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ሁሉ አስበው ነበር። ያዳናት በ1887 ዓ.ም አካባቢ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። እንጦጦ ተሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ከተማዋን ያነደደ፣ ቤቷን ያቆመ፣ አጥሯን ያጠረ የከተማ ደን ይህ ነው።

ይህን ደን ወደ ከተማ ያወረደው ማን ነው? ሴቶች። ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ ጎብጠው፣ ቁልቁል እየሮጡ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱት ሴቶች። የደን ጠባቂ ያባርራቸዋል፣ እንጨታቸውን ይቀማቸዋል። እነዚህ ሰዎች ግን የትኛው ቁልቁለት እንደሚንሸራተት፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያቆጠቁጥ ከማንም በላይ ያውቃሉ። የከተማ ደን ሠራተኞች ነበሩ። ደሞዝና ስም አልነበራቸውም እንጂ።

የዓለም የሥራ ድርጅት ሁኔታቸውን አጥንቶ ፕሮጀክት ተጀመረ። ማኅበር አቋቋሙ። ሽመና ተማሩ። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ነጠላና ሻርፕ የሚሸምኑበትን ግቢ ታገኙታላችሁ። መልካም ሥራ ነው፣ ጀርባቸውን አድኗል። ልብ በሉ ግን፤ መፍትሔው የሆነው ከደኑ ማውጣት ነው። የደን ዕውቀታቸው ከሸክሙ ጋር ወረደ።

ከሴፍቲኔቱ ጋር አንድ ነው። ደሃን ሴት ከዛፍ አርቀን ንግድ ውስጥ ስናስገባት ነው «ተለወጠች» የምንለው።

ሜዴሊንና ፍሪታውን

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ? ሁለት ብቻ ልጥቀስ። ሁለቱም ሀብታም አይደሉም።

ሜዴሊን የኮሎምቢያ ሁለተኛ ከተማ ናት። ሙቀቱ ሲያስቸግራት ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ 18 መንገዶችንና 12 የውሃ መስመሮችን ዳርና ዳር በአረንጓዴ ሞላች። «አረንጓዴ ኮሪደር» ይሏቸዋል። ቃሉ ለእኛም አሁን እንግዳ አይደለም። በነዚህ 30 ኮሪደሮች 8,800 ዛፍና ዘንባባ ተተከለ፣ ሙቀቱም በሁለት ዲግሪ ገደማ ቀነሰ። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ 75። ከተማዋ ከድሃ ሰፈር 75 ሰዎችን መርጣ የከተማ አትክልተኛ እንዲሆኑ አሠለጠነች። ያሠለጠናቸው የከተማዋ የዕፅዋት ማዕከል ነው።

75 ሰው ትንሽ ይመስላል። ግን እነዚህ ሰዎች ስም አላቸው። አትክልተኛ ናቸው። በምዝገባ «ተጠቃሚ» ተብለው አይደለም የገቡት።

አዲስ አበባስ የዕፅዋት ማዕከል የላትም? አላት እንጂ። ጉለሌ፣ እንጦጦ ሥር፣ በ705 ሄክታር ላይ። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ላይ ያቋቋሙት ነው። አገር በቀል ዝርያዎችን ያፈላል፣ ባለሙያ አለው፣ ለመማሪያ የሚሆን ቦታ ሞልቶታል። ሴፍቲኔት ካለባቸው ሰፈሮችም ሩቅ አይደለም።

የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ሌላ መንገድ ሄደች። ነሐሴ 2009 ላይ ዛፉ የተመነጠረ ተራራ ተንዶ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ቀበረ። ከዚያ ከንቲባዋ ኢቮን አኪ-ሶየር አንድ ሚሊዮን ዛፍ እንተክላለን ብለው በ2012 ጀመሩ። የሰፈር ሰዎች ይተክላሉ። እያንዳንዱ ዛፍ በስልክ ፎቶ ይነሳና መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። ተካዩ ተመልሶ ሄዶ ዛፉ በሕይወት መኖሩን በፎቶ ያሳያል። ክፍያው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፣ በሞባይል ገንዘብ ይገባል።

ልዩነቱን አያችሁት? የእኛው ሴፍቲኔት የሚቆጥረው ቀን ነው። መጣች፣ ፈረመች፣ ተከፈላት። የተከለችው ቢጸድቅም ባይጸድቅም ያው ነው። ፍሪታውን የምትቆጥረው የጸደቀ ዛፍ ነው። እውነቱን ለመናገር የፍሪታውንን መንገድ እንዳለ እንውሰድ አልልም። ዝናብ ቀርቶ ዛፍ ቢደርቅ የደሃዋ ደሞዝ ይቀራል ማለት ነው። ይህ አይሆንም። ቀኑን ከፍሎ፣ ለጸደቀው ደግሞ ትንሽ ጉርሻ መጨመር ግን ይቻላል።

የቀረው

ሁለተኛው ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም ተጀመረ። የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ከተሞቹ ከ80 በላይ ሆኑ። ስሙም ተቀየረ፤ አሁን «ሴፍቲኔትና ሥራ» ነው። ለወጣቶች በድርጅት ውስጥ እየሠሩ የመጀመሪያ ልምድ የሚያገኙበት ክፍልም አለው። ጥሩ ነው። ይህ ክፍል የችግኝ ጣቢያንና ፓርክን እንደ መለማመጃ ቢይዝ ማን ከለከለ?

ሥራውስ አለ ወይ? አለ። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013። የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት መጣ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ ኮሪደር ልማቱ በየመንገዱ ሣርና አበባ፣ ዘንባባና ዛፍ ዘርግቷል። ማታ ማታ ቦቴ እየተከተሉ የሚያጠጡ ወጣቶች ታያላችሁ። ሆቴሉ፣ ኤምባሲው፣ ሪል ስቴቱ ሁሉ አትክልተኛ ይፈልጋል። በየመንገዱ ዳር አበባና ችግኝ የሚሸጡ የግል ማፍያዎችም አሉ። የሠለጠነ እጅ የሚፈለግበት ገበያ ነው።

መሃል ላይ ያለው ክፍተት የቢሮ ነው። ሴፍቲኔቱን የያዘው የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው። ሙያና ምዘና ያለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ዛፉ ደግሞ የከተማዋ ውበትና አረንጓዴ ልማት ቢሮ ዘንድ ነው። አንዲት ሴት እጅ ላይ ያለው ዕውቀት በሦስት ቢሮ መሃል ይወድቃል። ሁሉም የየራሱን ሪፖርት ያቀርባል። አንዱ ስንት ሰው እንደተመረቀ ይቆጥራል፤ ሌላው ስንት ሰው እንደተመዘነ፤ ሦስተኛው ስንት ችግኝ እንደተተከለ።

ሦስቱን ቢሮ አገናኝቶ ትልቅ ፕሮግራም መንደፍ ይቻል ይሆናል። እስከዚያ ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነገር አለ። ስትመረቅ ወረዳው አንድ ገጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጻፍላት። «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር በአረንጓዴ ቡድን ሠርታለች። ችግኝ አፍልታለች፣ ኮትኩታለች፣ ገርዛለች። ከያዘችው ረድፍ ይህን ያህል ጸድቋል።» ቀን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ፓርኩ ወይም ሆቴሉ በር ላይ ስትደርስ የምታሳየው ወረቀት ይኖራታል። ዛፎቹን ማየት የፈለገ አሠሪም መንገዱ ላይ ናቸው፣ ሄዶ ይቁጠራቸው።